የዘለልኳት ቃል

ይድረስ ደነባ ላለችው ለታላቋ እኅቴ። ጤናሽ እንዴት ከረመ? ያ የጎን ውጋትሽስ ተወሽ? እኔ አንኮበር ላይ ከብርዱ በቀር የሚያማርረኝ የለም፤ አምላክ ይመስገን። አባታችን ዳዊት ያስደገመሽ ለእንዲህ ያለው ቀን ነውና ይህን ወረቀት ራስሽ አንብቢው፤ ለየኔታ ገብረ ጻድቅም ቢሆን አታሳዪ።

ባልሽ ወልደተንሣኤ ከእንግሊዙ ጌታው ጋር ባሕር ተሻግሮ ዓደን ከቀረ ሦስት ዓመቱ። ነጋዴው ዘይኑልአቢዲን ከዚያ ጌታ ያመጣልንን በቋንቋቸው የተጻፈ ደብዳቤ አይቼ፥ «ጠየቀ» እና «መቅረት» የሚሉትን ሁለት ቃላት አውቄ የቀረውን ገምቼ፥ «እዚህ ቅር» ብለው በግድ ይዘውታል ብዬ ላክሁብሽ። አሁን ልታስለቅቂው ከነጋዴው ጋር ቆላ ለመውረድ ስንቅ እያሰናዳሽ ነው አሉኝ።

እዚህ ንዳድ ይዞት የሰነበተ አንድ እንግሊዛዊ አለ። እኔ አማርኛ አስተምረዋለሁ፥ እሱም ቋንቋውን ያስተምረኛል። ባለፈው ማክሰኞ «ሂምሰልፍ» የምትል ቃል አመጣ። እኛ «ራሱን» እና «ራሱ» ብለን የምንለየውን እነሱ በዚህች በአንዲቷ ይሉታል። ገርሞኝ በምን ትለዩታላችሁ አልሁት። ቃሏን አንሥተህ እየው አለኝ። «ሰውየው ራሱን አቆሰለ» ካልህ፥ ብታነሣት ማንን እንዳቆሰለ አይታወቅም፤ ነገሩ ይጎድላል። «ሰውየው ራሱ አረሰ» ካልህ ግን ብታነሣትም አርሷል፤ የገባችው ሌላ ሰው አላረሰለትም ለማለት ነው አለኝ። ደስ ብሎኝ ያየሁትን ሁሉ በእሷ ስፈትን ዋልሁ።

ኋላ ግን ቃሏን የት እንዳየኋት ትዝ አለኝና ደብዳቤውን አወጣሁ። ትርጉሟን ስላላወቅሁ ዘልያት ኖሯል። «እሱ ራሱ ልቅር ብሎ ጠየቀ» ነው የሚለው። መምህሬ እንዳለኝ ቃሏን አነሣኋት። «ልቅር ብሎ ጠየቀ»። ነገሩ አልጎደለም።

እቴ፥ ማንም አልያዘውም። ያሳሳትሁሽ እኔ ነኝ፤ ይቅር በዪኝ። ዘይኑልአቢዲንን አግኝቼ ነግሬዋለሁ፤ መሄዱም መቅረቱም የሷ ነው፥ ኢንሻአላህ ቃሏን እስክትልክ እጠብቃታለሁ ብሏል።

ከዚያ በታች አንድ መሥመር አለ። ከውስጡ «ልጅ» የምትለዋን ቃል ብቻ አውቃታለሁ። አምላክ ለእናንተ ልጅ እንዳልሰጣችሁ መምህሬ አያውቅምና ባሳየው ደስ ብሎት ያነብልኝ ነበር። አላሳየሁትም። አሳየው ካልሽኝ ግን አሳየዋለሁ።

የአባታችን አምላክ ከቤትሽ አይራቅ።

ታናሽ ወንድምሽ
አንኮበር፥ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፰፻፸፱ ዓመተ ምሕረት