እማዬ ጆይስቲክ የያዘች ጊዜ

ለውድ ወንድምጋሼ ፋውስቶ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ጎንበስ ብለህ ሰላጣ ስትለቅም የሚይዝህ የወገብ ሕመም ተሻለህ ወይ? አብረውህ የሚኖሩት ልጆች ሁሉ ደኅና ናቸው? እዚያ ባሕር ማዶ ሎርካ አሁንም ሙቀቱ ይጋረፋል ወይስ ነፈስ ማለት ጀመረ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እማዬም ከዳሌዋ ስብራት እያገገመች ነው፤ በከዘራ እስከ በሩ ድረስ ትሄዳለች። በስልክ እኔና አንተ ስንሳሳቅ ጊዜው ያልቃል፤ ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ።

ከልጆቹ ጋር የጌም ማሽን ልንገዛ ነው፣ የምትወጂያቸውን ጌሞች ንገሪኝ ብለኸኛል። እንግዲህ ጠይቀኸኛልና ቻለው። ከአክሽን ጌሞች አንደኛዬ «የአመድ ጎራዴ» ነው። የድልድዩን ጠባቂ እስክጥለው ድረስ አርባ አንድ ጊዜ ሞቻለሁ፤ አንድም ቀን ግን ተበደልኩ አላልኩም። ጎራዴው ክብደት አለው። አንዴ ከሰነዘርክ መመለስ የለም፤ ከሞትክ ስለቸኮልክ ነው። ከስልክ ጥገና ኪዮስኬ አጠገብ ሲም ካርድ የሚሸጠው ሮሜሮ «የነጎድጓድ ልጆች» ይበልጣል እያለ ይሟገተኛል። እኔ አልወደውም። አንዲት ቁልፍ ስትጫን ሰማይ ምድሩ ይፈነዳል፤ ጭሱ ሲበተን ምን እንዳየህ አታስታውስም። «አንተ የምትወደው ጌም ሳይሆን ርችት ነው» ብለው፣ «አንቺ ደግሞ ዱላ» አለኝ።

ታዲያ እማዬ በሜይ ወር ዝናብ ባረጠበው ደረጃ ላይ ተንሸራትታ ስትወድቅ፣ አልጋዋን ወደ ሳሎን አመጣነው። ጌም የምጫወትበት ቴሌቪዥን ያለው እዚያው ነው። መጀመሪያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን «ናርሲሳ፣ ያ ሰውዬ ምን አድርጎሽ ነው?» አለችኝ። «የቱ?» ብላት፣ «አሁን የገደልሽው ነዋ!» አለች። ጠባቂ ነው፣ ጠላት ነው አልኳት። «ጠባቂ ከሆነማ ሥራው ነው። ልጆች አሉት?» ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። አንዱን በጣልኩ ቁጥር ስሙን ትጠይቀኛለች። ጭቅጭቁ ሲበዛብኝ አንድ ቀን ለእሷ ስል ማንንም ሳልነካ የጌሙን ምሽግ ለማለፍ ሞከርኩ። ለካ በወፍጮ ቤቱ በኩል መንገድ ነበረ! ሁለት ዓመት ስጫወተው አላየሁትም። ሌላስ ምን አምልጦኝ ይሆን ብዬ ጌሙን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩት።

ደም ማየቱ ሲሰለቻት ደግሞ «የሰባቱ ወንዞች አገር» የሚባለውን አመጣሁ። ይኼኛው ከመደባደብ ይልቅ ሌላ ሰው ሆነህ የምትኖርበት ነው። ስም ታወጣለህ፣ ሙያ ትመርጣለህ፣ ካገኘኸው ሁሉ ጋር ታወራለህ፤ ያልከውም ነገር ከኋላህ ይከተልሃል። እውነቱን ልንገርህና እንዲህ ያለውን ጌም ብዙም አልወድም ነበር። ከረጢትህ በማይረባ ዕቃ ይሞላል፣ ያገኘኸው ሁሉ ድመቴ ጠፋችብኝ ይልሃል። እማዬ ግን ጆይስቲኩን ከእጄ ወሰደችው። ስም አውጪ ሲላት፣ ምንም ሳታስብ «ሴጉንዶ» አለች። የአባዬን ስም። እንዳለችው ጻፍኩላት። ፈረሰኛ ሁኚ ብላት አሻፈረኝ ብላ፣ እንደ ገበያችን ሴቶች የመድኃኒት ቅጠል ሻጭ አደረገችው። እኔ በሁለት ቀን የማልፈውን የመጀመሪያ ከተማ እሷ አንድ ወር ተቀመጠችበት። የዳቦ ጋጋሪዋን አማት ስም ሳይቀር ታውቃለች። «ዘንዶው እየጠበቀሽ ነው እኮ» ስላት፣ «ይጠብቃ፣ ምን ሥራ አለው?» ትለኛለች።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከከተማው በር ውጭ የቆመ ወታደር አየች። አባቱ ከተማ ውስጥ ሞቷል፤ እሱ ግን አልገባም። «ለምን አይገባም? ቤቱ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። «ማኅተም ያለው ወረቀት የለውም። አንዴ ከገባ መውጣት አይችልም፣ ኑሮው ደግሞ ወዲያ ማዶ ነው» አልኳት። ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ፋውስቶም እንዲህ ነበር?» አለች።

ወንድሜ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስምህን ጠርታ አታውቅም። አንተ ስትደውል እሷ ወደ ጓሮ የምትወጣው ለምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፤ ካባቱ ቀብር የቀረ ልጅ ብላ ነው። እኔ ግን የማውቀውን ደብቄ ኖሬአለሁ። አባዬ ታሞ ተኝቶ ሳለ ራሱ ደውሎ «እንዳትመጣ፣ ከመጣህ አትመለስም» ሲልህ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ የያዝኩለት እኔ ነኝ። እንደማይተርፍ ማወቁን እናትሽ እንዳትሰማ ብሎ አስማለኝ። ያን መሐላ ይዤ፣ አንተ ያለ ጥፋትህ ስትቀጣ ዝም ብዬ አየሁ። ይቅር በለኝ። ያን እሁድ ግን ሁሉንም ነገርኳት።

አልጮኸችም። «ሦስታችሁም እንደ ሕፃን ቆጠራችሁኝ» ብቻ አለች። ከዚያ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ከሥራ ስመለስ ብቻዋን ስትጫወት አገኛታለሁ፤ የበቆሎ ንፍሮው አጠገቧ አለ፣ ብዪ የሚለኝ ግን የለም። በአራተኛው ቀን «ናርሲሳ፣ ከዚህ ከተማ የሚወጣው በየት በኩል ነው?» ብላ ጠራችኝ። አሳየኋት። ሴጉንዶን ይዛ ወጣችና ወታደሩ አጠገብ አቆመችው። «እዚያ ምንም የሚደረግ ነገር የለም እኮ እማዬ» አልኳት። «አውቃለሁ» አለች። እራት እስኪደርስ ድረስ ሁለቱ እንደዚያ ጎን ለጎን ቆሙ። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ንፍሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ።

ለማንኛውም «የአመድ ጎራዴ»ን ግዙ፤ አሁንም ከእሱ የሚበልጥ የለም እላለሁ። እማዬ ይህን ስትሰማ «የሰው ስም የማይታወቅበት ጌም ምኑ ይወደዳል?» ትላለች። ሁለቱንም ሞክራችሁ ፍረዱን።

አክስታችን ኦብዱሊያ ናፍቆቷ ብዙ ነው፤ እናትና ልጅ አብደዋል ብላ ለሰፈሩ ታወራለች። ሮሜሮ ሰላም ብሎሃል፤ ርችቱንም እንዳትረሳ ብሏል። እማዬ ደግሞ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ሰላም በይልኝ» አለች። ቀጥላም ቆይ ብላ አስጻፈችኝ፦ ልብስህን ማን ያጥብልሃል? ጠዋት ወደ እርሻው ስትወጡ ነግቷል ወይስ ጨለማ ነው? መልሱን በእኔ ስም ሳይሆን በእሷ ስም ጻፍ ብላለች። የመኖሪያ ወረቀትህስ ወጣ ወይ? «ካልወጣ አትምጣ፣ እዚያው ሁን፣ እኔ የትም አልሄድም» ብላለች።

እህትህ ናርሲሳ
ኩዌንካ፣ ኤል ቫዶ ሰፈር
ሴፕቴምበር 18 ቀን 2022