አባባ የመረጡት ታብሌት

ይድረስ ለመራጩ ወንድሜ፣

እንዴት ነህልኝ? ጤናህስ? ባለቤትህስ፣ መንትዮቹስ፣ ብርዱስ እንዴት አደረጋችሁ? የስክሪኑ ስፋትስ፣ የባትሪው ዕድሜስ፣ የካሜራው ጥራትስ ደህና ነው ወይ? እነሱን ሳልጠይቅ ባልፍ ትቀየመኛለህ ብዬ ነው። እኔ ከንዴቴ በስተቀር ምንም አልሆንኩም። አባባም ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ጉንጫቸውም ሞላ ብሏል። ስለ ጭንቅላታቸው እመጣበታለሁ።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር፤ አንተ ግን ሰው አታስጨርስም። ገና አፌን ስከፍት ሰባት ኢንቹ ይሻላል ወይስ ስምንቱ ትለኛለህ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፤ ወረቀት አታቋርጠውም። መራጩ የሚል ስም ያወጣንልህ ልጅ ሆነህ የሱቁን ጫማ ሁሉ ለክተህ በአሮጌው ጫማህ የተመለስክ ዕለት ነው። ያኔ ስቀን ነበር፤ የተጎዳው ያንተ እግር ብቻ ነበራ።

ሐኪሙ ያለውን መቼም አልረሳኸውም። የሰው ፊት እየጠፋባቸው ነው፣ ርቆ ያለውን ልጃቸውን ቶሎ ቶሎ ይዩት፣ አለዚያ እሱንም ይረሱታል ብሎኝ፣ በዚያኑ ዕለት ነግሬሃለሁ። በእኔ ስልክ ፊትህ አውራ ጣት ቢያክል ነው፤ አባባ አያዩህም። አንተም ታብሌት ገዝቼ እልካለሁ፣ አታስቢ አልከኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ ልጅዎ በመስታወት ሊመጣልዎት ነው ብዬ ነገርኳቸው። ዕድሜ ልካቸውን መስታወት ፊት ቆመው የሰው ፀጉር ሲቆርጡ የኖሩ ናቸውና መስታወት ሲባል ወዲያው ገባቸው። በየጠዋቱ ጺማቸውን ተላጭተው፣ ያን ነጭ የሥራ ጋዋናቸውን ለብሰው ይጠብቁህ ጀመር።

አንተ ታወዳድር ነበር። ይሄኛው ቀላል ነው ግን ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ያኛው ድምፁ ጥሩ ነው ግን ጠርዙ ይወፍራል፤ ሦስተኛው ሁሉ ነገሩ ጥሩ ነው ግን አዲሱ ሊወጣ ስለሆነ ትንሽ እንጠብቅ። አዲሱ ወጣ፣ አሮጌው ይሻል ነበር አልክ። ወይ አንተ! በዚህ መሃል አባባ መጀመሪያ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ረሱ። ቀጥሎ ባለቤቴን ሾፌሩ መጣ ይሉት ጀመር፤ ሾፌርነቱስ እውነታቸውን ነው፣ አማችነቱ ነው የጠፋቸው። እኔንም አንዳንድ ቀን በእማማ ስም ይጠሩኛል። አንተን ግን አልረሱህም ነበር። ይመምህና ልንገርህ፣ በየቀኑ የሚጠይቁኝ ስላንተ ብቻ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሦስት ታብሌት መርጫለሁ፣ ሱቅ ወስደሽ አስይዣቸውና የቱ እጃቸው ላይ እንደሚመች ንገሪኝ ብለህ ላክህብኝ። ደሜ ፈላ፤ ግን ሄድን። አባባ ጋዋናቸውን አላወልቅም ብለው ከነጋዋናቸው ሄዱ። ሻጩ ጨዋ ሰው ነው፣ ወንበር ሰጣቸውና ያንተን ፎቶ ከስልኬ ወስዶ በሦስቱም ላይ ሞልቶ ከፈተላቸው። የመጀመሪያውን በባለሙያ ዓይን አገላብጠው አዩትና፣ ይሄን ሰውዬ ማን ነው እንዲህ አበላሽቶ የቆረጠው አሉ። ሁለተኛውን፣ ይሄ ደንበኛችን አይደለም አሉ። ሦስተኛውን፣ ያን አንተ የምትሞትለትን፣ ለሻጩ መልሰው ሰጡትና፣ እኔ የምጠብቀው ልጄን ነው፣ ሌላ ሰው አታሳየኝ አሉት። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

እንሂድ ብዬ ክንዳቸውን ስይዝ፣ መደርደሪያው ላይ ለማሳያ ብቻ የተቀመጠ ታብሌት አዩ። ፕላስቲክ ነው፣ ላዩ ጥቁር መስታወት፣ ውስጡ ባዶ፤ በርቶ አያውቅም፣ አይበራምም። አነሱት፣ ዘንበል አደረጉት፣ የራሳቸው ፊት ታየበት። ቁርጥ አባትህን መሆንህን መቼም ታውቃለህ። የቤቱ መስታወት ላይ ያንኑ ፊት ሲያዩ ደንበኛ መጣ ነው የሚሉት። በእንዲህ ያለው መስታወት ግን ልጅዎ ይመጣል ብዬ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። መጣህ ወይ አሉት። ምነው እንዲህ ሸበትክብኝ፣ ምን ነካህ ልጄ እያሉ ጉንጩን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ኧረ ይሄ ዕቃ አይሠራም ብል ማን ይስማኝ! ሻጩ ውሰዱት አለና ፊቱን አዞረ።

ማወዳደር ትወድ የለ? ይኸውልህ። ይሄኛው ቻርጅ አይፈልግም። ኔትወርክ አይቆራረጥበትም። ሲፈልጉት ስብሰባ ላይ ነኝ አይልም። ከሦስቱም ደግሞ ይቀላል፣ ውስጡ ምንም የለማ። ካንተ የሚያንስበት ነገር ካለ ፈልገህ ንገረኝ፣ እኔ አላገኘሁበትም። ጠዋት ጠዋት ጉልበታቸው ላይ ያቆሙትና የድሮ ሱቃቸውን ወሬ ያወሩለታል። ማክሰኞ ስትደውል ስልኩን ጆሮአቸው ላይ ባደርግላቸው፣ ቆይ ልጄን እያነጋገርኩ ነው ብለው በእጃቸው ገፉት። ኔትወርክ ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው።

ስለዚህ ታብሌቱ ይቅር። ከገዛህም ለመንትዮቹ ስጣቸው፤ አንተ ስታረጅ እነሱ ምርጫ እንዳይጀምሩብህ። ና ብዬም አልለምንህም። በር ላይ ብትቆም ወንበር ያቀርቡልህና ተራህን ጠብቅ ይሉሃል።

ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል። ልጄ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። ልብስ ሰፊዋም አልረሳሁትም በይው ብላኛለች። ባለቤትህን በጣም ሰላም በልልኝ፣ መንትዮቹንም ሳምልኝ። አባባንም ለልጅዎ ምን ልበልልዎ ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥቁሩን መስታወት ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው፣ ይኸው አጠገቤ ተቀምጦ እያየሽው በደብዳቤ ሰላም ማለት ምን የሚሉት ነው አሉኝ።

እህትህ
ከአባባ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
መጋቢት 9 ቀን