አባቴን ስላላወቅሁበት ቀን የተሰጠኝ የምስክር ወረቀት

ለተከበሩ የኮሌጃችን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ በየኮሪደሩ «ኢንግሊሽ ፕሊዝ!» በማለት የሚደክመው ጉሮሮዎ ከብርድም ከአቧራም እንዲጠበቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የላቦራቶሪ ቴክኒክ የሁለተኛ ዓመት ተማሪና የልብስ ሰፊ ልጅ ስሆን፣ ባለፈው ወር «አርአያ ተማሪ» ተብዬ ፎቶግራፌ በደረጃው ራስ የተለጠፈው እኔው ነኝ። ለዚህ ክብር እስከ ዛሬ ሳላመሰግን መቆየቴ ነውር ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በምዝገባ ቀን አንገታችን ላይ ስላጠለቁልን ቢጫ ካርድ አመሰግናለሁ። ካርዱ አምስት ሳጥኖች እንዳሉት፣ በግቢው ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ የተናገረ ሁሉ አንድ ሳጥን እንደሚበሳበት፣ አምስቱም የተበሱበት ደግሞ ለቃል ፈተና እንደማይቀመጥ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል። እውነቱን ለመናገር፣ እንግሊዝኛውን የምፈልገው እኔ ነኝ፤ የምንማርባቸው መሣሪያዎች መመሪያ በእሱ ነው የተጻፈው፣ ሳይገባኝ ጨርሼ የሰው ደም እንድመረምርም አልሻም። ይሁንና በካርዱ አማካይነት ከሁሉ ቀድመን የተማርነው ዝም ማለትን ሆኗል፤ ዝም ያለ ሰው ሳጥኑ አይበሳበትምና። አሲድ እጇ ላይ የፈሰሰባት የክፍል ጓደኛዬ እንኳ መጀመሪያ ግራና ቀኟን ቃኘች፣ ቀጥላ «ኦ ማይ ማዘር!» ብላ ጮኸች። እጇ ቆስሏል፤ ካርዷ ግን ደህና ነው።

፪ኛ. ከመካከላችን ስለመረጧቸው «ጆሮዎች» አመሰግናለሁ። ማን እንደሆኑ ስለማናውቅ ሁላችንም እርስ በርሳችን እንከባበራለን።

፫ኛ. ስለ ኮቱ ቀን አመሰግናለሁ፤ ይህን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ።

ለቃል ፈተናው በሙሉ ልብስ እንድንቀርብ ማስታወቂያ ባወጡ ጊዜ፣ አባቴ የደንበኞቹን ሥራ ወደ ጎን አድርጎ ጥቁር ኮት ሰፋልኝ። ገበሩን ሁለት ጊዜ ፈታው፤ ትከሻው አልተኛልኝም እያለ። ሲጨርስ ማታ እስክመጣ መታገሥ አቃተውና፣ በዕረፍት ሰዓት ኮቱን በክንዱ ላይ አጋድሞ፣ መለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ግቢያችን ገባ። ከሩቅ እንዳየኝም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ድንቡሼ! አንተ ድንቡሼ!» ብሎ ተጣራ። ድንቡሼ እኔ ነኝ፤ ሕፃን ሳለሁ ወፍራም ነበርኩ አሉ።

እርስዎ በደረጃው ላይ ቆመው ነበር። የእኔ ካርድ አራት ሳጥን ተበስቶ አንድ ቀርቶት ነበር። አባቴ አጠገቤ ደርሶ «እስቲ ልበሰው፣ ትከሻውን ልየው» ሲለኝ፣ እኔ እጄን ዘርግቼ ኮቱን ተቀበልኩና «ቴንክ ዩ፣ ሰር» አልኩት። እንግሊዝኛ አይችልም፤ ፊት ማንበብ ግን ይችላል። እኔን አየ፣ ዙሪያዬን የቆሙትን አየ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ኮትዎ ይኸው ደርሷል፣ ጌታዬ፤ የሚስተካከል ካለ ብቅ ይበሉ» ብሎኝ ወጣ። ካርዱን አልነገርኩትም ነበር። ያፈረበት ልጅ መስዬው፣ እንዳላፍር ብሎ ራሱን የማያውቀኝ ሰፊ አደረገልኝ።

ክቡር ሆይ፣ ካርዱን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፤ አፉ ግን የእኔ ነው። አንዲት «አባዬ» ለማለት አንድ ሳጥን በቂ ነበር፣ እኔም ሳጥኑን መረጥኩ። በዚህ እርስዎን ልወቅስ ሞክሬ አልሆነልኝም። አፍሬያለሁ፤ እቤት ስገባ ደጃፉ ላይ ጫማዬን አራግፋለሁ እያልኩ የምቆየው ጫማዬ ቆሽሾ አይደለም።

፬ኛ. ይህን ሁሉ ከደረጃው ላይ ሆነው አይተው፣ «በማናቸውም ሁኔታ ውስጥ እንግሊዝኛ በመናገር ላሳየው ጽናት» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ምስክር ወረቀት ስለሸለሙኝ አመሰግናለሁ። በዚያው ሳምንት ልመልስልዎ ወደ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። በርዎ ገርበብ ብሎ በስልክ ሲነጋገሩ ደረስኩ። «በልቻለሁ እማዬ፣ ሹራቡንም ለብሻለሁ እማዬ» ይሉ ነበር። በዚያ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቼዎት አላውቅም፤ እንዲህ የሚያምር ድምፅ ያለዎት አይመስለኝም ነበር። ቆሜ አዳመጥኩ፣ ማዳመጤም አሳፈረኝ። ለማንም አልተናገርኩም፣ አልተቀየምኩዎትምም። ቀናሁብዎት እንጂ። ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩ፤ ዛሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው፤ ፎቶግራፌን ከደረጃው ራስ ያውርዱልኝ። በሚቀጥለው ዓመት ለሚመጡት ልጆችም ቢቻልዎ ለእናትና ለአባት የሚሆን አንድ የማይበሳ ሳጥን ካርዳቸው ላይ ያክሉላቸው።

በታላቅ አክብሮት፣ አንገቴን በካርዱ ክብደት ሳይሆን በሌላ ምክንያት ደፍቼ፣
በቃል ፈተናው ከፍተኛ ውጤት ያገኘው፣ የልብስ ሰፊው ልጅ

ማስታወሻ፦ አባቴ ከኮቱ ቀን ወዲህ «አንተ» ብሎኝ አያውቅም፤ እራት ሲቀርብ «ይቅረቡ»፣ ስወጣ «ደህና ይዋሉ» ይለኛል፤ በቁጣ አይደለም፣ በትሕትና ነው። ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት የስፌት መኪናውን አስቁሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት፤ ስለ ካርዱም ያን ጊዜ ሰማ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ ትከሻዬንም መታ መታ አደረገኝ። ከዚያም የኮሌጅዎ ትምህርት ምን ያህል ዘላቂ እንደሆነ እንዲያውቁት የተናገረውን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ፦ «ጥሩ አድርገው ጽፈዋል» አለኝ።