ያላነበብኩልህ ግማሽ ሰዓት

ውድ ባለቤቴ፣

በሕይወት ሳለህ ልነግርህ የሚገባ አንድ ነገር ነበር። አሁን ከመቃብር ወዲህ ሆኜ ስጽፈው ድፍረት አይባልም።

የማተሚያ ቤቱ ማሽን በሠላሳ ዓመት ጆሮህን በላው። የመስሚያ መሣሪያው የተገጠመልህ ቀን፣ አንተ ኮትህን ስትለብስ የጆሮ ባለሙያዋ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ። «እትዬ፣ መሣሪያው ድምፅ ያመጣል እንጂ ቃል አያመጣም። ድምፁን ቃል የሚያደርገው አንጎል ነው፤ የእሳቸው ደግሞ ንግግር መለየት ከተወ ቆይቷል። ሦስት ወር ይታገሱ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ጮክ ብለው ያንብቡላቸው» አለችኝ።

አልነገርኩህም።

ፊደል የቆጠርኩት አንተ ከሥራ ይዘህልኝ በምትመጣው፣ ሲታተም በተበላሸ ወረቀት ነው። በዓይኔ እንጂ በአፌ አንብቤ አላውቅም። አንድ ፊደል ሲዛነፍ ከሩቅ በሚያይ እንዳንተ ባለ ሰው ፊት ለመንተባተብ አፈርኩ።

በዘጠነኛው ቀን ምሳ ላይ ሹካህን አስቀመጥክ። «ቧንቧው ይጮኻል፣ ሳህኑ ይጮኻል። አንቺ ስታወሪ ጠጠር ሲፈስ ነው የምሰማው። ድሮም ነገርሽ ጠጠር አያጣውም» ብለህ ሳቅክ።

«ካስጨነቀህ አውልቀው» አልኩህ። በእጄ ጭምር አሳየሁህ። መሳቢያ ውስጥ የከተትኩትም እኔ ነኝ።

ከዚያ ስድስት ዓመት። ልጆቹ ሲስቁ ፊታቸውን አይተህ፣ ዘግይተህ ትስቅ ነበር። ልጃችን «እማዬ፣ አባዬ ምን እንዳልን ሰምቷል?» ስትለኝ «ተዪው፣ ለምዶታል» አልኳት። በመጨረሻ መሳቁንም ተውክ።

አሁን ተራው የእኔ ሆነ። ባለፈው ሳምንት ለእኔም ገጠሙልኝ። ባለሙያው ሌላ ሰው ነው፣ ምክሩ ግን ያው ነው። «እማማ፣ ቤት ውስጥ የሚያነብልዎ ሰው አለ?»

ቤት ውስጥ ያለሁት እኔው ብቻ ነኝ።

ቧንቧው እውነትም ይጮኻል። አጋነንክ ብዬ ነበር። ልጃችን መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ ስታወራኝ ጠጠር ሆነችብኝ። እንዳንተ ተዘግቼ እንዳልቀር እፈራለሁ፤ ደግሞ የእጄን ነው ያገኘሁት እላለሁ።

ዛሬ የተበላሹ ወረቀቶችህን አወጣሁ። ወንበርህን ወደ እኔ አዞርኩና ጮክ ብዬ አነበብኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ እየተንተባተብኩ ግማሽ ሰዓቱን ሞላሁ። ከሦስት ወሩ ሰማንያ ዘጠኝ ቀን ይቀራል።

ነገም አነብልሃለሁ። ስሳሳት ሳቅብኝ፣ እለምንሃለሁ።

አፍራ ዝም ያለችህ
ሚስትህ