የሚያበራ አጥንት

ለልጄ ለእፀገነት ሞላ፣ ጅማ።

ክረምቱ እንደምን አወጣሽ? እኔ ደህና ነኝ። ገብሱ እሸት ይዟል። ፊደሌ ቢወላገድም ራሴ ነኝ የጻፍሁት።

የወንድሜ ልጅ ካሳው እምቢ እያልሁት አዲስ አበባ ወስዶኝ ነበር። ሐኪሞች ጉበትዎ ጠጥሯል ስላሉኝ፣ የጉዳቱን ልክ ለማየት ነው። የሚያበራ መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጥተው ትልቅ ካሜራ ሥር አስተኙኝ። ሐኪሟ ባሳየችን ሥዕል ላይ አጥንቴ እንደ ጧፍ ይበራል።

«አየህ ካሳው፣ የጨዋ አጥንት እንዲህ ነው» አልሁ።

«ሐኪሟ ግን አልሳቀችም፣ አጎቴ» አለኝ።

እሷም «አባቴ፣ መድኃኒቱ መግባት የነበረበት ጉበትዎ ውስጥ ነው። አልቀበል ቢለው ወደ አጥንት ሸሸ» አለችኝ።

«እንግዳ የማይቀበል ቤት በዘሬ የለም» አልኋት።

የጉበቴ ቦታ ጨልሟል። እዚያ ጨለማ ውስጥ እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ነጠላዋን ተከናንባ የተቀመጠች መሰለኝ። ከፊቴ ሲያነሱኝ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር፤ ከጀርባዬ ሲያነሱኝ ፊቷን መለሰች። ካሳው ምንም አላየሁም ይላል። ዓይኑ ድሮም ደካማ ነው።

ከተመለስሁ ወዲህ ውሻው አይጠጋኝም። በር ላይ ቆሞ በቀኝ ጎኔ በኩል ያያል። የእናትሽን መደብ ጠርጌ አንጥፌዋለሁ። በሬዎቹን ለካሳው ሰጠሁት፤ ማረስ ሰልችቶኝ ነው። ልምጣ ብለሽ አትድከሚ። ብቻ የምትመጭ ከሆነ፣ ገብሱ ሳይታጨድ መንገዱ ጥሩ ነው።

ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ይልሻል። እናትሽም ሰላም ትልሻለች። ይህችን እጄ በልማድ ጻፋት፤ የጻፍሁትን ደግሞ አልሰርዝም።

አባትሽ ሞላ አስማማው፣
ከጋፋት።