ሜዳው የበላቸው ልዑልቃል ዓለሙ

ዛሬ አፈር የምናለብሳቸው አቶ ልዑልቃል ዓለሙ ከአባታቸው ከአቶ ዓለሙ ወልደ ሥላሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሽቱ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1979 በደብረ ብርሃን ተወለዱ። በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ሲያትል መጥተው ትምህርታቸውን እዚሁ ተከታተሉ።

ትከሻቸው ሰፊ፣ ሩጫቸውም ፈጣን ስለነበር የአሜሪካን ፉትቦል መልማዮች ዓይናቸውን ጣሉባቸው። በ1997 አንድ ዩኒቨርሲቲ በነጻ ትምህርት ወሰዳቸው። የዩኒቨርሲቲው ስም በዚህ ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ቤተሰቡ አልፈቀደም። የፉትቦል ቡድኑ አሰልጣኝ ቤተሰቡ ወደሚኖርበት ወደ ፌደራል ዌይ ከተማ ድረስ መጥቶ ከወይዘሮ ሽቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ልጅሽ ልጄ ነው» አለ። ለእናታቸው ያስተረጎሙት ራሳቸው ልዑልቃል ነበሩ።

ያ ቡድን ለብዙ ዘመን የሰው መሳቂያ ነበር። ከመሳቂያነት ያወጡት እንደ ልዑልቃል ያሉ ልጆች ናቸው። በ1999 የዋንጫው ጨዋታ ላይ ከተቃራኒ ተጫዋች ጋር ራስ ለራስ ተጋጭተው ተዘረሩ። ወይዘሮ ሽቱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ኧረ ልጄን አውጡልኝ!» እያሉ ጮኹ። አሰልጣኙ ግን ጣቱን በልዑልቃል ዓይን ፊት አወዛውዞ «ኦኬ ነህ፣ ግባ» አላቸው። ገቡ፤ ደግመው ወደቁ። ቡድኑ ዋንጫውን በላ።

በዓመቱ ከግጭቱ የተረፋቸው ራስ ምታት ልምምድ ሲያስከለክላቸው ነጻ ትምህርቱ ተሰረዘ። ለአሰልጣኙ ሐውልት ሲቆም ልዑልቃል ኦበርን ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያነሱ ነበር። ቢሆንም እጅ አልሰጡም፤ በ2006 ወይዘሮ ኖላዊት አማረን አግብተው ሮቢንና አዲስአለምን ወለዱ፤ አውቶቡስም እየነዱ ቤታቸውን አቆሙ። ኋላ ግን ሊንውድ ከተማ እሄዳለሁ ብለው ወጥተው ሌላ ከተማ ይገኙ ጀመር። ሐኪሞችም አንጎላቸውን የጎዳው በጨዋታ የደረሰባቸው ምት መሆኑን ነገሯቸው።

ባለፈው መጸው ቡድኑ የዋንጫውን ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲያከብር የድሮ ተጫዋቾቹን ጠራ። ወይዘሮ ኖላዊት «ምን ሊሠራልህ?» ቢሉም ተያይዘው ሄዱ። አሰልጣኙ በሕዝብ ፊት አቅፏቸው «ልጄ!» አለ። ልዑልቃልም ማይክሮፎኑን ያዝ አድርገው «ስሜ ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁት። ሳቀ። ደግመው ጠየቁት። ዙሪያውን ቢያይ ስማቸውን የሚነግረው አጣ። ልዑልቃል የሚስታቸውን እጅ ይዘው ከሜዳው ወጡ።

አቶ ልዑልቃል በየካቲት 2025 በቤታቸው ዐረፉ። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ጽጌን ጥለው ሄደዋል። ቡድኑ የላከው የአበባ ጉንጉን ከበር ተመልሷል። በዚሁ ሳምንት ሮቢን ለቡድኑ የሚፈልገው መልማይ «አባትህ ይኮሩብህ ነበር» ብሎ ቴክስት አድርጎለት ነበር። ሮቢም ለአያቱ አንብቦላቸው፣ በፊታቸው ቁጥሩን ብሎክ አደረገው።

እግዚአብሔር ያን ሁሉ ዓመት የታመመ ራሳቸውን በአብርሃም ዕቅፍ ያሳርፍልን። ለወይዘሮ ሽቱም ልጅ የቀበረ አንጀታቸውን ያጽናላቸው። አሜን።