ስለ ላፕቶፑ ካሽና አባባ ስላቋረጡት ወሬ

ለውድ እህቴ ለእትዬ፤

ሰላምሽ ይብዛ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? አባባስ እንዴት ናቸው? እህል ይቀምሳሉ? እንቅልፍስ ይወስዳቸዋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው የሰው ላፕቶፕ መፍታትና መግጠም ነው።

ሁለቱ ላፕቶፖች በሁሉም ነገር እኩል ሆነው ሳለ፣ አንደኛው ካሹ ስለሚበልጥ ብቻ ሻጩ ጭማሪ እንደጠየቀሽ፣ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ ብለሽ ስትጽፊልኝ ይኸው ሦስተኛሽ ነው። እኔም ሁለቴ “ሳልፈትሽ አልናገርም፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል” ብዬ መለስኩልሽ። አሁን ፈትሻለሁ።

ካሽ ማለት ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የላፕቶፑ አንጎል፣ አሁን የያዘውን ሥራ ከአጠገቡ የሚያቆይባት ትንሽ ማስቀመጫ ናት። እማማ ልብስ ሲሰፉ ስፒሎቹን በከንፈራቸው ይይዙ አልነበር? የተረፈው መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ከንፈራቸው ላይ ያለው ሲያልቅ ብቻ ነበር ተነሥተው የሚከፍቱት። ካሽም እንደዚያ ነው። ቀኑን ሙሉ ከባድ ስሌት ለሚያሠራ ሰው ብዙ መያዙ ይጠቅማል። አንዲት ኪስ ለመለጠፍ ግን አርባ ስፒል በአፍ መያዝ ትርፉ መናገር አለመቻል ነው።

ሥራ ቦታዬ ሁለት ላፕቶፖች ጎን ለጎን አስቀምጬ ድምፅ ቀረጽኩባቸው፤ ረጅም ጽሑፍም ጻፍኩባቸው። የትኛው ትልቅ ካሽ እንዳለው ሳልነግረው አብሮኝ የሚሠራውን አንጋፋ ጠጋኝ አስሞከርኩት። ሁለቴ ተሳሳተ። ከዚያ ለምን ሥራ እንደሚፈለግ ጠየቀኝ። አባታችን የሕይወታቸውን ታሪክ ሲነግሩሽ የምትቀርጺበትና የምትጽፊበት እንደሆነ፣ የድሮው ላፕቶፕ መሐል ላይ ቀጥ እያለ ስላስቸገረሽ አባባም “አዲሱ ሲመጣ” ብለው ማውራት ካቆሙ ሁለት ወር እንዳለፋቸው ነገርኩት። መፍቻውን አስቀመጠና፦

“ታዲያ ወረቀት ጠፍቶ ነው?” አለኝ።

እትዬ፣ አፈርኩ። የድሮው የሚቆመው ዲስኩ ስላረጀ መሆኑን ገና ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ ገብቶኝ ነበር። አስቀይሪው ብልሽ በሳምንቱ ሥራሽን በቀጠልሽ። ግን የባለሙያ ኩራት ያዘኝና የአባቴ ድምፅ በአሮጌ ዕቃ አይቀረጽም አልኩ። አሁን አንደበታቸው እየከበደ፣ አንቺንም በእማማ ስም እየጠሩሽ መሆኑን ጻፍሽልኝ። ጠዋት ጠዋት “ዕቃው መጣ?” እያሉ ይጠይቁሻል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት የእኔ ነገር ነው።

ስለዚህ ለካሹ አትክፈዪ። ርካሹን ግዢ፤ በተረፈው የቀረጽሽውን ሁሉ የምትገለብጪበት ሁለተኛ ዲስክ ያዢ። እሱ እስኪገዛ ግን አንድ ቀን እንኳ አትጠብቂ። ደብዳቤዬን አጥፈሽ እንዳስቀመጥሽ ከልጅሽ ደብተር አንሺና አጠገባቸው ተቀመጪ።

ያቋረጡት የት ላይ እንደሆነ አልረሳሁም። አውቶብስ ሹፌር ሳሉ አንዲት ልጅ የልብስ ስፌት መኪናዋን ተሸክማ መጣች፤ “ይሄ አይጫንም አልኳት” እንዳሉ ላፕቶፑ ቀጥ አለ። ያቺ የእማማ ስፌት መኪና ይኸው እስከ ዛሬ ቤታችን መስኮቱ ሥር አለች። እማማ ግን ያን ቀን የሆነውን ሳይነግሩን ሄዱ፤ ከአባባ በቀር የሚያውቀው የለም።

መምህሩን ባለቤትሽን እጅ እነሣለሁ በይልኝ፤ ጠመኔው ሳንባውን እንዳይጎዳው ይጠንቀቅ። ፍንጭቷን ልጅሽን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ደብተሯን ስላስወሰድኩባትም አትቀየመኝ። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ድምፃቸው ደከም ካለ ጆሮሽን አስጠጊና ቀስ ብለሽ ጠይቂልኝ፤ አይጫንም ሲሏት ምን አለቻቸው?

ታናሽ ወንድምሽ

ከጥገና ክፍሉ፣ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር
ኅዳር ፲፬ ቀን